ጆን ኬሜኒ ማን ነበር?

እኔ የምኖረው በድሬ ጠያራ ነው። ትርጓሜው የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ሲሆን፥ እኔ ግን እስከ ዛሬ በአውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ስለ አንድ የሩቅ አገር ሊቅ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእናቴ የኦቾሎኒ ሒሳብ ነው።

እናቴ ሐረር ገበያ ኦቾሎኒ ትሸጣለች። ሒሳቧን የሚይዝላት ትንሽ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ጻፍሁላት። ፕሮግራሙም 5 ጣሳ በ40 ብር ሲሸጥ ጠቅላላው 4040404040 ብር ነው ብሎ አወጣ። እናቴ ሣቀች፤ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለም ወደ ደብተሯ እንደምትመለስ ነገረችኝ። ከዚህ ኀፍረት ያወጣኝ ኮንሶል የሚሉት መስኮት ነው፤ አንድ መስመር ሲጽፉለት ወዲያው ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ምልልስ ለተራ ተማሪ ካደረሱት ሰዎች አንዱ ኬሜኒ ነበር።

ጆን ኬሜኒ በግንቦት 23 ቀን 1918 ዓ.ም. በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። ቤተ ሰቦቹ አይሁድ ስለ ነበሩ፥ የናዚዎች ክፋት እየቀረበ ሲመጣ በ1932 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። አያቱ ግን አገሩን ለመልቀቅ እንቢ ስላለ ቀረ፤ በእልቂቱም ጠፋ። ልጁ እንግሊዝኛ በወጉ ሳያውቅ በኒው ዮርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ ሲጨርስ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ።

በ1937 ዓ.ም. የአቶም ቦምብ በሚሠራበት በሎስ አላሞስ ተመደበ። በዚያም 17 የሒሳብ መኪናዎችና 20 ያህል ሰዎች ቀንና ሌሊት ሠርተው አንዱን ስሌት ለመፈጸም ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸው ነበር። ኬሜኒ ይህን መጠበቅ የረሳው አይመስለኝም። ቀጥሎም በፕሪንስተን የአይንሽታይን የሒሳብ ረዳት ሆነ፤ ከዚያም በዳርትማውዝ ኮሌጅ አስተማሪ ሆኖ ገባ።

ኮሌጁ ኮምፒዩተር አልነበረውም። የሥራ ባልደረባው ቶማስ ከርትዝ የተበሱ ካርዶችን ይዞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል (ከሐረር ድሬዳዋ ያለውን አራት ጊዜ ግድም መሆኑ ነው) በባቡር ወደ ቦስተን አቅጣጫ ይጓዝ ነበር። አንዲት ካርድ ከተሳሳተች እስከሚቀጥለው ጉዞ መታገሥ ነው! ስለዚህ፥ ጆን ማካርቲ የተባለው ሊቅ እንደ መከራቸው፥ አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲጠቀሙበት ለማድረግ ተነሡ፤ ቤዚክ የተባለውን ቀላል ቋንቋም ፈጠሩ። በሚያዝያ 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፥ ኬሜኒና አንድ ተማሪ ጎን ለጎን በሁለት የጽሕፈት መኪናዎች ትእዛዝ ሰጡ፤ ሁለቱም ትክክለኛ መልስ አገኙ። የሳይንስ ተማሪ ያልሆነውም ሁሉ እንዲጠቀምበት ተፈቀደ፤ ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ኬሜኒ ከ1962 እስከ 1973 ዓ.ም. የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሆኖ ካገለገለ በኋላ በታኅሣሥ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ዐረፈ።

ወደ ኦቾሎኒው ልመለስ። ኮንሶሉን ከፍቼ የገዛ ፋይሌን አስገባሁ። ማባዣውን ብቻ ለይቼ 5 እና 40 ብሰጠው 200 አለኝ፤ እሱስ ንጹሕ ነው። ከፋይሉ የተነበበውን ዋጋ ብጠይቀው ግን 40ን በትእምርተ ጥቅስ ከቦ አሳየኝ፤ ለካ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ይዞ አምስት ጊዜ ይደጋግመው ኖሯል! ፋይሉን አረምሁ፤ ኮንሶሉ ግን አሮጌውን ይዞ አልለቅም አለ፥ እንደገና እንዲያነበው እስካዘዝሁት ድረስ።

ቅዳሜ ማታ የፕሮግራሙና የደብተሩ ድምር አንድ ሆነ። እናቴ ደብተሯን ግን እስከ ዛሬ አልተወችም።