ሊዮናርድ ሃወል

ሊዮናርድ ፐርሲቫል ሃወል (ሰኔ 10 ቀን 1890 – የካቲት 18 ቀን 1973 ዓ.ም.) የጃማይካ ሰባኪና ከራስ ተፈሪ እንቅስቃሴ መሥራቾች አንዱ ነበር። ብዙ ጊዜ «የመጀመሪያው ራስታ» ተብሎ ይጠራል። የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር መጀመሪያ በንግግሩ፣ በኋላም በማኅበረሰቡ እርሻ ላይ በበቀለው ጋንጃ (ካናቢስ) ምክንያት አሳድዶታል። በኦሮሚያ ክልል፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በምትገኘው ሻሸመኔ የሰፈሩት ራስታዎች የእምነታቸውን መነሻ ከእርሱና በዘመኑ ከነበሩ ሰባኪዎች ይቆጥራሉ።

የመጀመሪያ ዘመን

ሃወል በጃማይካ ክላረንደን በተባለው አውራጃ ተወለደ። በወጣትነቱ እንደ ብዙ የአገሩ ሰዎች ሥራ ፍለጋ ወደ ፓናማ፣ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ የማርከስ ጋርቬይ እንቅስቃሴ ጥቁሮች በአንድነት እንዲደራጁና ዓይናቸውን ወደ አፍሪካ እንዲያቀኑ ያስተምር ነበር። ሃወል ወደ ጃማይካ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ራስ ተፈሪ መኰንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው አዲስ አበባ ላይ ዘውድ ጭነው ነበር። የዘውዱ በዓል ዜናና ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጥቶ ጃማይካም ደርሶ ነበር።

ስብከቱና ክሱ

ሃወል እ.ኤ.አ. በ1933 በኪንግስተን፣ ቀጥሎም በሴንት ቶማስ አውራጃ በአደባባይ መስበክ ጀመረ። የጥቁር ሕዝብ እውነተኛ ንጉሥ የእንግሊዙ ጆርጅ አምስተኛ ሳይሆን የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን፣ ስለዚህም ታማኝነትም ግብርም ለእንግሊዝ እንደማይገባ ያስተምር ነበር። የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶግራፍም በአንድ ሽልንግ ይሸጥ ነበር።

ሴንት ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1865 በፖል ቦግል የተመራው የሞራንት ቤይ አመፅ የተነሣበት አውራጃ ስለሆነ፣ ባለሥልጣኖቹ እንዲህ ያለውን ንግግር እንደ ተራ ስብከት አላዩትም። ፖሊሶች በየስብሰባው እየተገኙ የሚናገረውን ይጽፉ ነበር። በመጨረሻም ሕዝብን በመንግሥት ላይ በማነሣሣት ወንጀል ተከሶ እ.ኤ.አ. በማርች 1934 በሞራንት ቤይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዋናው ማስረጃ እነዚያው የፖሊስ ማስታወሻዎች ነበሩ። ሃወል ጠበቃ ሳያቆም ራሱ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ ሁለት ዓመት እስራት ሲፈርድበት፣ ረዳቱ ሮበርት ሃይንድስ አንድ ዓመት ተፈረደበት። ሃወል ጋንጉንጉሩ ማራግ በሚል የብዕር ስም ያወጣው አነስተኛ መጽሐፍ በዚህ የእስር ዘመን እንደተዘጋጀ ይነገራል። ከተፈታ በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲገባ ተደርጓል።

ፒናክልና የጋንጃ ሕግ

ሃወል እ.ኤ.አ. በ1940 በሴንት ካትሪን አውራጃ ከስላይጎቪል አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ «ፒናክል» የተባለውን መንደር መሠረተ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተከታዮቹ በዚያ በጋራ እየኖሩ ምግባቸውን ከራሳቸው እርሻ ያገኙ ነበር። ለገበያ ከሚያቀርቡት ሰብል አንዱ ጋንጃ ነበር።

ጋንጃን ወደ ጃማይካ ያመጡት ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ሥራ የመጡ ሕንዶች እንደሆኑ ይታመናል። ስሙም የሕንድ ነው። ተክሉ በሕግ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን፣ ቅጣቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ ሄደ። ይህ ሕግ ለፖሊስ አዲስ መንገድ ከፈተ። አንድን ሰው በንግግሩ ለመክሰስ የተናገረውን ቃል መዝግቦ አመፅ የሚያነሣሣ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። በጋንጃ ለመክሰስ ግን ተክሉን ማግኘት ብቻ ይበቃል።

ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1941 መንደሩን ወርሮ ብዙ ነዋሪዎችን አሰረ። ለዘመቻው ምክንያት የሆነው የጎረቤት ገበሬዎች በመንደሩ ሰዎች ዛቻና ድብደባ ደረሰብን ማለታቸው ነበር። ሃወልም እንደገና ሁለት ዓመት ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተደረገው ዘመቻ ደግሞ ፒናክልን አፈረሰው፤ ቤቶች ተቃጠሉ፣ የጋንጃው እርሻም ወደመ። ከመንደሩ የተበተኑት ሰዎች በኪንግስተን የድሆች ሰፈሮች ስለሰፈሩ፣ እምነቱ እንዲጠፋ የታሰበበት ዘመቻ ወደ ዋና ከተማው ይዞት ገባ።

የመጨረሻ ዓመታት

ሃወል ከዚያ በኋላ ከአደባባይ ርቆ ኖረ። የራስታ ሙዚቃ ዓለምን ሲያዳርስ የእርሱ ስም እምብዛም አይነሣም ነበር። በ82 ዓመቱ ኪንግስተን ውስጥ ዐረፈ።

ሻሸመኔ

ሃወል ራሱ ሻሸመኔ አልኖረም። ሆኖም በስብከቱ ያስተማረው የመመለስ ተስፋ በዚያች ከተማ ሥር ሰዷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ከግል ርስታቸው 5 ጋሻ (200 ሄክታር ያህል) መሬት፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱ የውጭ አገር ጥቁሮች ሰጡ። መሬቱ የተሰጠው ዶክተር መላኩ በያን ኒው ዮርክ ላይ ባቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ የሚመጡት ራስታዎች ቁጥር ጨመረ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የመንግሥት ሲያደርግ ግን አብዛኛው ይዞታቸው ተወሰደ፤ ብዙዎችም አገሩን ለቀው ሄዱ። ለቀሩት የኢትዮጵያ መንግሥት በ2009 ዓ.ም. የመኖሪያ መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

በጋንጃ ረገድ ሁለቱ አገሮች ተለያይተዋል። ጃማይካ እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጓን አሻሽላ እስከ 2 አውንስ (57 ግራም ገደማ) መያዝ በወንጀል እንዳያስከስስ፣ ራስታዎችም ለሥርዓተ እምነታቸው እንዲጠቀሙበት ፈቀደች። በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል፤ ለእምነት የተለየ ፈቃድ አያደርግም። ስለዚህ በሻሸመኔ ያለ ራስታ ንጉሠ ነገሥቱን በነፃነት ሊያወድስ ሲችል፣ ጃማይካ ያሉ የእምነት ወንድሞቹ በሕግ የሚጠቀሙበት ተክል ግን ያስከስሰዋል።

የጃማይካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሃወል ከሞተ ከ41 ዓመት በኋላ፣ የአገሪቱን የክብር ኒሻን እንዲሸለም ወሰነ።