የዳርዊን ማሰሮና የእናቴ ጤና አዳም

ባለፈው ክረምት እናቴ አዳማ ቤታችን ደጅ በጣሳ ያሳደገችውን ጤና አዳም ገደልኩባት። አፈሩን ስነካካ ሁለት ሦስት ትሎች አየሁና፣ ሥሩን ሊጨርሱት ነው ብዬ በረኪና በውሃ በጥብጬ አፈሰስኩበት። ትሎቹ ሞቱ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጤና አዳሙም ተከተላቸው። እናቴ አልተቆጣችም፤ ቡና ባፈላች ቁጥር ግን ባዶውን ጣሳ ታየዋለች። የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ ሳልጠይቅ መፍረዴ ከነከነኝ። ስለ ትል ማንበብ ስጀምር ያገኘሁት ሰው ታዲያ ቻርለስ ዳርዊን ነው።

ዳርዊንን ብዙዎቻችን የምናውቀው በዝግመተ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 እንግሊዝ አገር ተወለደ። ሐኪሙ አባቱ ሕክምና እንዲማር ኤድንብራ ላኩት፤ ትቶት ወጣ። ቄስ ይሆናል ተብሎ ካምብሪጅ ገባ፤ ቄስም አልሆነ። ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በተባለች መርከብ ዓለምን ዞረ።

ሲመለስ የእናቱ ወንድም ጆሳያ ዌጅውድ አንድ መስክ አሳዩት። ከዓመታት በፊት ሣር ላይ የተበተነው ኖራ ከመሬት በታች ገብቷል። አጎቱ ይህ የትል ሥራ ሳይሆን አይቀርም አሉት። ዳርዊን ነገሩን አልናቀውም፤ በ1837 ለለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ጽሑፍ አቀረበበት። በ1842 ዳውን መንደር ሲገባ እሱም በተራው መስክ ላይ የኖራ ድንጋይ ስብርባሪ አስበተነ። ከዚያ 29 ዓመት ጠበቀ! በ1859 ዓለምን ያነጋገረውን መጽሐፉን ሲያሳትምም ኖራው እዚያው መስክ ላይ ነበር። በ1871 ሲያስቆፍር 7 ኢንች፣ ማለትም 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ አገኘው። እኔ አንድ ደቂቃ እንኳ አልጠበቅኩም።

በእርጅናው ደግሞ ትሎችን አፈር በሞላባቸው ማሰሮዎች አድርጎ የሥራ ክፍሉ ውስጥ አኖራቸው። ቅጠል እየሰጠ የትኛውን እንደሚመርጡ አየ። ፊሽካና ፒያኖ አሰማቸው፤ ምንም አልመሰላቸውም። ማሰሮው ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ሲመታ ግን ንዝረቱ ተሰምቷቸው ወደ ጉድጓዳቸው ሸሹ። ቤተሰቡም በሥራው ይረዳው ነበር። በ1881 ስለ ትሎች የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ ብዙ ቦታ ትሎች በዓመት በሄክታር 25 ቶን ገደማ አፈር በሆዳቸው እንደሚያሳልፉ አሰላ። በዘመኑ ብዙ ሰው የናቀውን ፍጥረት ስም አደሰ። በሚያዝያ 1882 በ73 ዓመቱ አረፈ፤ ዌስትሚኒስተር አቤይ ተቀበረ።

እንግዲህ ጣሳችን ውስጥ የነበሩት ትሎች ጠላት ነበሩ ወይ? የመሬት ትል በዋናነት የሚበላው የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ነው፤ ከሆዱ የሚወጣውም አፈር ለተክል ምግብ ይሆናል። ሆኖም ጣሳ መስክ አይደለም። ብስባሹ ሲያልቅ ትሉ ይራባል፤ የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ወደ ጥልቁ የሚሸሽበት የለውም። ሲበዛም ከሆዱ የሚያወጣው አፈር የውሃ መውጫውን ቀዳዳ ሊደፍነው ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ትል ቢገኝ አያስደነግጥም፤ ሲበዛ ግን ወደ ጓሮ ማውጣት ይሻላል። ለጣሳው ትሎች ያብላሉትን ኮምፖስት መጨመር ይበቃል።

ጤና አዳሙን የገደለው እንግዲህ በረኪናው ነው፤ ማለትም እኔ። ከጎረቤት ቅንጣይ ለምኜ ለእናቴ እንደገና ተክያለሁ። ከጓሮ ካመጣሁት አፈር አንድ ትል ብቅ ቢል፣ በጣቴ አንስቼ ፓፓያው ሥር ለቀቅኩት። እናቴ አይታ ሳቀች።