በጨለማ ውስጥ ብርሃን ያገኘው ስቶክስ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ታሪክ ዓምዳችን ስለ ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ አጫውታችኋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እሱን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ሱቅ ተልኬ ባለሱቁ ብሩን በሐምራዊ መብራት ሲመረምር እጄን ጠጋ አደረግኩ። የነጭ ሸሚዜ እጅጌ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ! በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሸሚዝ ለምን ያበራል ብዬ ስጠይቅ ልጆቹ ሳቁብኝ። በጣም አፈርኩ። ቲቸር ግን አልሳቁም፤ የስቶክስን ታሪክ ነገሩን።

ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1819 አየርላንድ ውስጥ ስክሪን በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ ገና ልጅ እያለ ሞቱበት። እሱ ግን ትምህርቱን አላቋረጠም። በ1837 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1841 በሒሳብ ከሁሉም አንደኛ ወጥቶ ተመረቀ። በ1849 ደግሞ ድሮ አይዛክ ኒውተን ይዞት የነበረውን የፕሮፌሰርነት ወንበር ያዘ።

በዚያ ዘመን ኩዊኒን የታወቀ የወባ መድኃኒት ነበር። እኛም ኪኒን የምንለው ስሙን ከእሱ ወስደን ነው። የኩዊኒን ብጥብጥ እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ላዩ ሰማያዊ ያበራል። ጆን ኸርሼል የተባለ ሳይንቲስት ይህንን በ1845 ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አላገኘውም።

ስቶክስ ነገሩን ዝም ብሎ አላለፈውም። ክፍሉን አጨልሞ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም እንደ ቀስተ ደመና በተነው። ከዚያ ኩዊኒን ያለበትን ብልቃጥ ከቀይ ጀምሮ በየቀለሙ አሳለፈው። ቀዩ ላይ ምንም የለም። አረንጓዴውም ላይ የለም። ወደ ሐምራዊው መጨረሻ ሲደርስ ግን ሰማያዊ በራ! ከሐምራዊው አልፎ ለዓይን ጨለማ የሆነው ቦታ ሲገባም አልጠፋም። ለካስ ኩዊኒኑ አልትራቫዮሌት የሚባለውን የማይታይ ብርሃን ተቀብሎ የሚታይ አድርጎ ይመልሰዋል! ስቶክስ ይህንን በ1852 አሳተመ፤ ፍሎርስፓር ከሚባለው ድንጋይ ወስዶም ፍሎረሰንስ ብሎ ሰየመው።

ታዲያ ቀለሙ ለምን ተለወጠ? ይህ ከጊዜ በኋላ የታወቀ ነው። ሞለኪዩሉ ብርሃን ሲቀበል ኤሌክትሮኑ ጉልበት አግኝቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግን እዚያ አይቆይም። ከጉልበቱ ትንሹ ወደ ሙቀት ይሄዳል፤ የቀረው ብርሃን ሆኖ ይወጣል። እናቴ በሰጠችኝ 10 ብር ላይ የ2 ብር ከረሜላ ብገዛ የምመልስላት 8 ብር ብቻ ነው አይደል? የብርሃኑም እንደዚያው ነው። ጉልበቱ ስለቀነሰ ዓይናችን ወደሚያየው ሰማያዊ ይወርዳል። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ በስቶክስ ስም ይጠራል።

ሸሚዜስ? ብዙ የልብስ ሳሙናዎች ውስጥ እንደ ኩዊኒን የሚያበሩ ሞለኪዩሎች አሉ። ነጭ ልብስ ፀሐይ ላይ ይበልጥ የሚነጣው በእነሱ ነው።

ስቶክስ ከ50 ዓመት በላይ በዚያው ወንበር አገልግሎ በ1903፣ በ83 ዓመቱ አረፈ። እኔም ከእሱ ታሪክ ለምን ብሎ መጠየቅ እንደማያሳፍር ተማርኩ። ከሳቁብኝ ልጆች አንዷ እንኳ ቅዳሜ የእሷን ካልሲ ይዘን ሱቁ እንሂድ ብላኛለች።