እስክንድር ቦጎሲያን፡- በጉዞ የተቀረጸ የሰዓሊና የመምህር ሕይወት

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ ሲነሣ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚጠራ ሰዓሊያን መካከል እስክንድር ቦጎሲያን አንዱ ናቸው። ከ65 ዓመት ዕድሜያቸው አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በለንደን፣ በፓሪስና በዋሽንግተን ነበር። ይሁን እንጂ ከአገራቸው እየራቁ በሄዱ ቁጥር ሥዕሎቻቸው ወደ ብራናው፣ ወደ ጠልሰሙና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ይበልጥ እየቀረቡ መጥተዋል።

እስክንድር የተወለዱት አገሪቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር በነበረችበት ወቅት፣ ሐምሌ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ነው። አባታቸው ኮሎኔል ኮስሮፍ ቦጎሲያን የአርመን የዘር ሐረግ ያላቸው የክብር ዘበኛ መኮንን ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ይባላሉ። አባታቸው በፀረ ፋሺስት ትግል በመሳተፋቸው ለዓመታት በመታሰራቸው፣ እስክንድር ከእህታቸው ጋር ያደጉት በአጎታቸው ቤት ነበር።

በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ከመቁጠራቸውም በላይ የግዕዝን መሠረታዊ ትምህርት ቀስመዋል። በኋላም በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ለሥዕል ያላቸው ዝንባሌ ጎልቶ ታየ። የኢትዮጵያን ጥንታዊ ሥዕል ታሪክ ያጠኑ ከነበሩት ፖላንዳዊ ምሁር ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ዘንድም ትምህርት አግኝተዋል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ ኢዮቤልዩ በዓል ምክንያት በማድረግ በተካሄደው የሥዕል ውድድር ሁለተኛ የወጡት ወጣቱ እስክንድር፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በመንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ተጓዙ። በዚያም በቅዱስ ማርቲን፣ በሴንትራልና በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ወደ ፓሪስ ተሻግረው፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል በአካዳሚ ዴ ላ ግራንድ ሾሚየር በመጀመሪያ በተማሪነት፣ ቀጥሎም በመምህርነት ቆዩ።

የፓሪስ ቆይታቸው ለሥዕል ሕይወታቸው ወሳኝ ምዕራፍ ነበር። የስዊዘርላንዱን ተወላጅ የፖል ክሌን፣ የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምንና የቺሊያዊውን የሮቤርቶ ማታን ሥራዎች በቅርብ ያጠኑት በዚያ ነው። በጥቁር ሕዝቦች ባህል ክብር ላይ የተመሠረተውን የኔግሪቱድ ንቅናቄ የተዋወቁትም በዚያችው ከተማ ነበር። አፍሪካዊ ቅርስን በኩራት መመልከት ከንቅናቄው ጋር ሲጎላ፣ እስክንድርም በአገራቸው ሰው ለፈውስና ለጥበቃ ይይዘው በነበረው የጠልሰም ጥቅል ላይ የሚታዩትን ዓይኖች፣ ክንፎችና ምልክቶች በአዲስ የአሣሣል ስልት አቀረቧቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የሣሉት የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ የተሰኘው ሥዕል ለዚህ አብነት ሆኖ ይጠቀሳል።

ከዘመናዊ አፍሪካውያን ሰዓሊያን ሥራቸው በፓሪስ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በግዢ የተሰበሰበላቸው የመጀመሪያው ሰው እንደሆኑ ይነገራል፤ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የጁጁ ሠርግ የተሰኘውን ሥራቸውን ገዝቷል።

እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት ሰዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ሲሆኑ፣ ከጀርመን የተመለሱት ሰዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታም በዚያው ያስተምሩ ነበር። እስክንድር ያስተማሩት ለሦስት ዓመታት ብቻ ቢሆንም፣ የአገርን ቅርስ ሳይገለብጡ እንደ አዲስ መሣል እንደሚቻል ለወጣቶቹ በተግባር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ተሸላሚ ሆነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ አሜሪካ ተጉዘው መጀመሪያ በአትላንታ፣ ቀጥሎም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 ድረስ አስተማሩ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ አያሌ ኢትዮጵያውያን ለስደት ሲዳረጉ፣ የእስክንድር የማስተማሪያ ክፍል ለስደተኛው ወጣት ሰዓሊ ከአገሩ ጥበብ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሆነ። የፊደልን ቅርጽ የሥዕሎቹ መሠረት በማድረግ የሚታወቀው ሰዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ በሃዋርድ ከተማሩት አንዱ ነው። እስክንድር ራሳቸውም በእነዚያ ዓመታት ከሸራ ባሻገር በፍየል ቆዳና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘረኝነትን ለመዋጋት ላወጣው ቴምብር የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ንድፍ በማዘጋጀት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ከሰዓሊት ከበደች ተክለአብ ጋር በመሆን ኔክሰስ የተባለውን፣ ከ15 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቅርጽ በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተዋል። ቅርጹ የአገሪቱን የእምነት ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የሥራ መገልገያዎች፣ ዕፅዋትና እንስሳት በአንድነት የያዘ ነው። አገራቸውን ለሠላሳ ዓመት ከሩቅ ሲመለከቱ የኖሩት ሰዓሊ በመጨረሻ ዘመናቸው ያስቀሩት ሥራ የኢትዮጵያ ቤት ተብሎ በሚቆጠር ግድግዳ ላይ መዋሉ ትልቅ ትርጉም አለው።

ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ሚያዝያ 26 ቀን 1995 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በዚያው ሰሞን በከተማው የሚገኘው ብሔራዊ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሰዓሊያንን ሥራ ለሕዝብ ያቀረበ ሲሆን፣ የእርሳቸውም ሥራ ከእነዚሁ መካከል ነበር። ለትምህርት ብለው ከአዲስ አበባ የወጡት ወጣት፣ በሄዱበት ሁሉ የአገራቸውን ሥዕል አስተዋውቀውና ተተኪ አፍርተው አልፈዋል።