ታማሚው ሐኪም፦ ቅዱስ ማርቆስ ጂ ቲያንሺያንግ

በመተማ፣ በገንዳ ውኃና በአካባቢው ቆላ የሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎችን ድካም እናስባለን። ወባና ካላዛር በሚበረታበት፣ በሰሊጥ አጨዳ ወራት የቀን ሠራተኛው በሚጎርፍበት፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ወገኖች በገቡበት በዚህ ጠረፍ፣ ሐኪም ሸክሙን የሚያካፍለው ሰው ሊያጣ ይችላል። ሕመም የሚያስታግሰው መድኃኒት ግን ከእጁ አይርቅም። ስለዚህ በዚህ እትማችን የአንድ ቅዱስ ሐኪም ታሪክ ልናቀርብ ወደድን።

ማርቆስ ጂ ቲያንሺያንግ እ.ኤ.አ. በ1834 በሰሜን ቻይና፣ ዛሬ ሄቤይ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። ሐኪም ሆኖ ድሆችን ያለ ክፍያ ያክም ስለ ነበር በሀገሩ ሰዎች ዘንድ የተከበረ ነበር። ጽኑ የሆድ ሕመም በያዘው ጊዜ፣ በዘመኑ እንደ ተለመደው፣ ራሱን በኦፒየም አከመ፤ በዚያው የኦፒየም ሱሰኛ ሆነ።

ማርቆስ ውድቀቱን አልሸሸገም። ደጋግሞ ንስሐ ገባ፤ ደጋግሞም ወደቀ። በመጨረሻ ንስሐ አባቱ፣ ኃጢአቱን ለመተው ቁርጥ ፈቃድ የለውም ብለው ስላመኑ፣ ሱሱን እስኪተው ድረስ ሥርየት እንደማይሰጡት ነገሩት። ሱስ በሽታ መሆኑ ገና በሚገባ አልታወቀም ነበርና በካህኑ አንፈርድም። ማርቆስም 30 ዓመት ያህል ከቅዱስ ቁርባን ተለይቶ ኖረ። አፍሮ ሊቀር፣ ተቈጥቶም እምነቱን ሊተው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ከቤተ ክርስቲያን አልራቀም። ከሱሱ መላቀቅ ቢሳነው፣ እግዚአብሔር የሰማዕትነትን ሞት እንዲሰጠው ይለምን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1900 ቦክሰር የተባሉት ዓመፀኞች በክርስቲያኖች ላይ በተነሡ ጊዜ፣ ከልጁ፣ ከ6 የልጅ ልጆቹና ከ2 ምራቶቹ ጋር ተያዘ። ከቤተሰቡ አንድም ሰው ብቻውን እንዳይሞት ሲል እርሱ በመጨረሻ እንዲገደል ለመነ። ሰኔ 30 ቀን 1892 ዓ.ም. የእመቤታችንን ሊጣንያ እየዘመረ ሰማዕትነትን ተቀበለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ መስከረም 21 ቀን 1993 ዓ.ም. በቻይና ሰማዕት ከሆኑ ሌሎች 119 ምእመናንና ካህናት ጋር ቅድስናውን አወጁ።

ልብ እንበል፤ ማርቆስ ከሱሱ ሳይፈወስ ነው የሞተው። ቤተ ክርስቲያን ያከበረችው በድካሙ መካከል ያልጠፋውን ተስፋና ታማኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ሥር የሰደደ ልማድ የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንስ እንደሚችል ያስተምራል። ይህ ግን ሱስን ተሸክሞ ዝም ማለትን አይፈቅድም፤ የሐኪም ሱስ ለታካሚውም አደጋ ነውና።

ማርቆስ ያላገኘው ሕክምና ዛሬ አለ። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። በሱስ ምክንያት በአሜሪካ ታክመው በቅርብ ክትትል ሥር ስለ ቆዩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ውጤታቸው ከታወቀው 802 ሐኪሞች መካከል 631ዱ ከ5 ዓመት በኋላ በሥራቸው ላይ እንደ ነበሩ ያስረዳል።

ስለዚህ በጠረፍ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ሕመም ያገኛችሁ እንደ ሆነ ለምታምኑት ሰው ሳትዘገዩ ንገሩ። የባልደረባችሁን ችግር ያያችሁም አትሙት፤ አትሸፍኑለትም፤ የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ ከእጁ አውጥታችሁ ወደ ሕክምና አድርሱት። እኛ ካህናትና ምእመናንም ደጃችንን አንዝጋበት። የቅዱስ ማርቆስ አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።