ዳግማዊ ምኒልክና የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል

በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነበር። ለጋሪ እንኳ በማይመቸው በዚያ ተራራ ላይ የነገሡት ንጉሥ፣ መናገሻቸውን ወደ ፍልውሃ ሜዳ ካወረዱ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ተሳፈሩ። ስልክንና ባቡርን አገራቸው ላስገቡት ምኒልክ ይህ እንግዳ ነገር አስፈሪ አልነበረም። ይልቅ የሚያስደንቀው የመኪናዋ ጉዞ ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ወልስሊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ አደረሳት። ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና በረሃውንና ገደሉን ያቋረጠችው የመኪና መንገድ በሌለበት፣ በሰው ጉልበት ጭምር እየታገዘች ነው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሆልትዝ ናከ የተባለች መኪና ይዞ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ብዙም ሳይቆዩ በጽኑ ሕመም አልጋ ያዙ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ወልስሊ ሲድሌይ የሚለው የንግድ ስምም ስድስት ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ፣ ከእርሳቸው ቀድሞ ከገበያ ጠፍቷል።