አባ ሳሙኤል ፍሪትዝና የአማዞን ወንዝ

ከአንዴስ ተራሮች ተነሥቶ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ 6400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘውን የአማዞን ወንዝ ዛሬ በማናቸውም የዓለም ካርታ ላይ እናገኘዋለን። ታላቁን ወንዝ ከነገባሮቹ በዓይናቸው አይተው ከሣሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ሳሙኤል ፍሪትዝ ናቸው።

አባ ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1654 ዓ.ም. በዛሬይቱ ቼክ ሪፐብሊክ፣ በቦሔሚያ ምድር ተወለዱ። በ1673 ወደ ማኅበሩ ገቡ፤ ከ1686 ጀምሮም በወንዙ ደሴቶች ይኖር ለነበረው ለኦማጓ ሕዝብ ወንጌልን ሰበኩ። መንደሮቹ የናፖ ወንዝ ከአማዞን ከሚገናኝበት ስፍራ ወደ ታች እጅግ ተራርቀው ስለ ነበሩ፣ ሐዋርያዊ ጉብኝታቸው ሁሉ በታንኳ ነበር።

በ1689 በጽኑ ታመው ሕክምና ፍለጋ ወንዙን ተከትለው ዛሬ ቤሌም እስከምትባለው ከተማ ወረዱ። በዚያ የነበሩ የፖርቱጋል ሹማምንት ግን የስፔን ሰላይ ናቸው ብለው በመጠርጠር ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ያዟቸው። በ1691 በንጉሡ ትእዛዝ ተለቀው ሲመለሱ፣ ጭቃ የተቀላቀለበትን የማዴራን ወንዝ፣ ውኃው የሚጠቁረውን ሪዮ ኔግሮንና ሌሎቹን ገባሮች በየስፍራቸው እያመለከቱ ካርታቸውን ሠሩ። የያዙት መሣሪያ ጥቂት ስለ ነበረ ርቀትን በትክክል መለካት አልቻሉም። የወንዙ ዋና መነሻ ማራኞን እንደ ሆነ ያምኑ ነበር፤ የዛሬ ሊቃውንት ግን እጅግ የራቀውን ምንጭ በደቡብ ፔሩ ተራሮች ይፈልጉታል።

የአባ ሳሙኤል ጭንቀት ግን ከካርታው ይልቅ ሕዝቡ ነበር። ባሪያ ፈንጋዮች ከታችኛው ወንዝ እየመጡ ኦማጓዎችን ይማርኩ ስለ ነበር፣ በ1692 እስከ ሊማ ተጉዘው የስፔንን እንደራሴ ጥበቃ ለመኑ፤ በቂ እርዳታ ግን አላገኙም። ካርታቸው በ1707 በኪቶ ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወረራው በርትቶ ብዙዎቹ መንደሮች ጠፉ። እርሳቸው ግን ከሚስዮናቸው ምድር ሳይለዩ በ1725 ዐረፉ።

በ1743 ፈረንሳዊው ሊቅ ላ ኮንዳሚን በተሻለ መሣሪያ ወንዙን ሲለካ፣ የአባ ሳሙኤልን ካርታ ከራሱ ጋር አስተያይቶ አረመው። እኛም ይህን ካርታ ስናስብ፣ በየገባሩ ዳር ይኖሩ የነበሩትን፣ እኚህ አባት ሊያድኗቸው የደከሙላቸውን ምእመናን አብረን እናስብ።